ፊታውራሪ ያዞሩት ወንዝ

በአንድ አገር፣ የሰው መሬት ባዩ ቁጥር አፋቸው ምራቅ የሚሞላ ፊታውራሪ አጥናፍሰገድ የሚባሉ ጌታ ነበሩ። ከአንዲት አፈኛ ባልቴት ጋር ወሰናቸው ወንዝ ነው፤ "ከወንዙ ወዲህ የአንቺ፣ ወዲያ የኔ" ብለው ተማምለዋል። ታዲያ እኚህ ሰው በጋውን ሙሉ ጭሰኞቻቸውን ሲያስቆፍሩ ከርመው ወንዙን በባቄላ ማሳዋ ጀርባ አያዞሩት መሰላችሁ! ሌላ መሬት የላትም እኮ።

ከዚያ ሽማግሌውንና አገሬውን ሰብስበው፣ "ወሰናችን ወንዙ ነው ብለሽ ምለሻል። ይኸው ማሳሽ ወደ እኔ ተሻገረ። ቃልሽን ትበያለሽ?" አሏት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች። "ኧረ አልበላም፣ ጌታዬ! ወንዝ ያዞረ መሬት ይውሰድ ካሉ እሰየው። እኔም ነገ ደቦ እጠራለሁ፤ ይህ ሁሉ ሰው ዶማውን ይዞ ይመጣልኛል።"

"ደቦ ምን ሊያደርግልሽ?"

"ወንዙን በእልፍኝዎ ጀርባ ላዞረው ነዋ! ያን ጊዜ እልፍኝዎ ከነእርስዎ ወደ እኔ ይሻገራል። እልፍኙን እቀበላለሁ፤ እርስዎን ግን ለወንዙ እመልሳለሁ። እንደ ባቄላዬ አይቀቀሉ ነገር!"

አገሬው በሳቅ ፈረሰ። አንዳንዱማ ሳቁን ሳይጨርስ ዶማ ሊያመጣ ሄደ። ወንዙም በሳምንቱ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ።