ከመንገሻ ጎን ያለው ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ሳይሆን የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ እዚችው ድሬዳዋ ውስጥ አንድ አባት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አሮጌ መኪና ነበሩ። እንደ ተረት ስሙኝ፤ ግን ተረት ነው ብላችሁ እንዳትተኙብኝ፤ ፍርድ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር የነዳሁ ሰው ነኝ። ሐዲድ የለመደ ሰው መኪና አይወድም። ይቺን ግን ወደድኳት፣ ምን ላድርግ!

አባትየው መንገሻ ይባላል፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። በጉብዝናው ዘመን አንዲት ያገለገለች የጃፓን ስፖርት መኪና ገዛ። ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ቀለሟ የበሰለ ብርቱካን። አቦ፣ በከዚራ ሰፈር ስታልፍ ፀጉር አስተካካዩ ሁሉ መቀሱን ይዞ ይወጣ ነበር! መንገሻ ሙሽራውን አስካለን ከጎኑ አስቀምጦ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በዚያች መኪና ወጥቶ ሐረር ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ የጎን ወንበሩ የአስካለ ሆነ። ልጆች ሲወለዱም ከኋላ ተጣጥፈው ነው የተቀመጡት። በኋላ አስካለ ታመመች፤ መንገሻ ለሕክምናዋ ብሎ መኪናዋን ሸጠ። መኪናዋም ሄደች፣ አስካለም አልተረፈች።

ዓመታት አለፉ። የስኳር በሽታ የመንገሻን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች አስቆረጠው። ያ ቀልደኛ ሰው ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ወደ ደንገጎ ተራራ ሲያይ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ልጆቹ ከበቡትና «አባዬ፣ ምን እናድርግልህ?» አሉት።

«ተመስገን፣ ምን ጎድሎኝ!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ብቻ ደንገጎን አንድ ጊዜ በዚያች መኪና፣ በገዛ እጄ ነድቼ ብወጣው ደስ ይለኝ ነበር» አለና ሳቀ። እሱ ሳቀና ተወው። ልጆቹ ግን አልተዉትም።

ታላቁ ዳምጠው ነው። በኢሱዙ ሽንኩርትና ድንች የሚያመላልስ፣ ወሬ የማያበዛ ሹፌር ነው። ባደረበት ከተማ ሁሉ «እንዲህ ያለች መኪና አይታችኋል?» እያለ ዓመት ከመንፈቅ ጠየቀ። ሰው ሳቀበት። በመጨረሻ ጭሮ ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አገኛት፤ ጎማ የላት፣ ቀለም የላት፣ ውስጧ ዶሮ ሰፍሮባታል። የኋላውን መቀመጫ ዶሮዎቹ ጨርሰውታል። በአስካለ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች።

«አልሸጥም፤ ዶሮዎቼን የት ላድርጋቸው?» አለ የግቢው ባለቤት።

ዳምጠው የገዛ ሞተር ሳይክሉን ሰጠው። ያ አልበቃ ብሎ አዲስ የዶሮ ቤት በእጁ ሠራለት። እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉም ጠበቀ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየምልልሱ እየቆመ «ፈለፈለች ወይ?» ሲል ከረመ። ጫጩቶቹ ወጡ፤ መኪናዋን በኢሱዙው ላይ ጭኖ አመጣት። መንገሻ በክራንቹ ተደግፎ ወጥቶ አፍንጫዋን ዳሰሰ፤ «አንቺ ልጅ፣ አለሽ እንዴ?» አላትና እንባው ወረደ። ያን ቀን የዳምጠውን ግንባር ስንት ጊዜ እንደሳመው አልቆጠርኩም።

ሁለተኛዋ ትርሲት ናት፣ መካኒክ። እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ካልሆነ ቁርስ የበላች የማይመስላት ልጅ ናት። ሞተሩን ብትከፍተው ዝገት አንድ ላይ አጣብቆታል። መለዋወጫው ድሬ ቀርቶ ጅቡቲም አልተገኘም። በዚያው ሰሞን ደግሞ አዲስ አበባ ደህና ሥራ ወጥቶላት ነበር። እሷ ግን «አባዬ ሳይነዳ አልሄድም» ብላ ቀረች፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ሆነ። ከተገለበጠ ሚኒባስ ላይ ሞተር አወጣች፤ የሚቀመጥበትን ብረት ቆርጣ አሰፋች፤ ለድሬ ሙቀት ብላ ራዲያተሩን በትልቅ ቀየረች። ዳምጠው ከመንገድ ገብቶ ሲያይ ጦፈ።

«የአባዬን መኪና ሚኒባስ አደረግሻት!»

«ቆማ ከምትከበር ሄዳ ትሰደብ» አለችውና ቁልፉን አዞረች። ተነሳች! የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። መንገሻ፣ ወንዱ መንገሻ፣ ከደጃፉ ላይ እልል አለ። «ጣትሽን ክፉ አይንካው ልጄ፣ ጣትሽን ይባርከው» እያለ ግራሶ የነካውን እጇን ሳመው፤ ፂሙ ጠቆረ። ዳምጠውም መሬት መሬት አየ።

ሦስተኛው በኃይሉ ነው፣ በያጅ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ልጅ ሰው አይወጣውም ብዬ ነበር። አንድ የብረት በር አሠርቼው ሦስት ወር ያለ በር ያስተኛኝ እሱ ነው። ሁለቱ ታላላቆቹ ስለ ቀለሙ ሲጨቃጨቁ አንድ ጥግ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበርና፣ «ለመሆኑ አባዬ ፍሪሲዮኑን በየትኛው እግሩ ነው የሚረግጠው?» አለ።

ወይ ጉድ! ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው፤ መንገሻ ደግሞ ግራ እግር የለውም። ዓመት ሙሉ ስንለፋ አንዳችንም አላሰብነውም። ዳምጠው ቀስ ብሎ «እኔ እነዳለታለሁ፣ እሱ ከጎን ይቀመጣላ» አለ።

«አባዬ ልንዳ ነው ያለው። ጫኑኝ መቼ አለ?» አለ በኃይሉ።

የሞተር ሳይክል ፍሬን መያዣ አምጥቶ በማርሹ ዘንግ ላይ በየደው፤ በብረት ገመድ ከፍሪሲዮኑ ጋር አገናኘው። ጨበጥ ሲያደርጉት ይረገጣል፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ይለቃል። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግራ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ በቀበቶ አስሮ፣ ሳቢያን ሜዳ ላይ አንድ ወር ሙሉ ራሱ ነዳት። አጥር ገጨ፣ ግንባሩ አበጠ፣ ገመዱን ሦስት ጊዜ ቀየረ። እጁ ሲያምነው ብቻ አባቱን ወስዶ በዚያው ሜዳ አስለመደው። መንገሻ የመንጃ ፈቃዱን አሳድሶ የተመለሰ ቀን የበኃይሉን ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ «እግሬን መለስክልኝ» አለው። እኔም የበሩን ነገር ይቅር አልኩት።

ይኸው ሦስቱም ሠሩ፤ አባትም ሦስቱንም መረቀ። «ያጣሁትን ያገኛችሁልኝ፣ ያጣችሁትን አግኙ። የወለዳችሁት ይጡራችሁ» አለ። ቀኑም ለእሁድ ተቆረጠ።

ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። የኋላ መቀመጫ የለም ብያችኋለሁ፤ ዶሮዎቹ ከበሉት በኋላ ቦታው ለአዲሱ ሞተር ክብደት ማጠናከሪያ ብረት ተበይዶበታል፤ ድመት እንኳ አያስቀምጥም። ያለው አንድ የጎን ወንበር ነው፣ ያ የአስካለ ወንበር። ሦስት ልጆች፣ አንድ ወንበር።

«ሌላ ቀን በተራ ይወጡ» የምትል አንተ፣ አትቸኩል! እኔም ብያቸው ነበር። ትርሲት «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀን አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሽርሽር ነው» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ተከራከሩ። ዳምጠው «ዶሮ ቤት ውስጥ ብተዋት ኖሮ ዛሬ በምን ትጣሉ ነበር? ደግሞ ደንገጎን በሳምንት ሁለቴ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ከባድ መኪና በየትኛው ኩርባ ላይ ተንደርድሮ እንደሚመጣ የማውቀው እኔ ነኝ» አለ።

ትርሲት «አንተ ያመጣኸው ብረት ነው፤ መኪና ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዳገቱ ላይ ቢሞቅባት ድምጿን ሰምቶ አባዬን አቁም የሚለው ማነው? ደግሞ ለእሷ ስል ከሥራዬ ቀርቻለሁ።»

በኃይሉ «እናንተ ባላችሁት ቢሆን አባዬ ራሱ ነበር የጎን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው። ገመዱ ቢላላ የት ላይ እንደሚጠብቅ እጄ ብቻ ነው የሚያውቀው» አለ።

«አንተማ ሜዳው ላይ አብረኸው ጠግበሃል!» አለው ዳምጠው።

«ሜዳ ደንገጎ ነው እንዴ?»

መንገሻን ለብቻው ጠየቅኩት። «አንተ አባት ነህ፤ አንዱን ጥራና ይለይለት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ከሦስት ጣቴ የትኛውን ልምረጥ? ለሦስቱም ያለብኝን ምስጋና አንድ ወንበር ይችለዋል?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባዶውን ይዤው እንዳልወጣ ደግሞ፣ አስካለ ከሄደች ወዲህ ባዶ ወንበር ማየት ሰልችቶኛል» አለ። እኔም ከዚያ በኋላ አላስጨነቅኩትም።

እሁድ ማለዳ ደረሰ። መኪናዋ ታጥባ፣ ብርቱካን ቀለሟን ተቀብታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። መንገሻ አሮጌ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ክራንቹን ለእኔ ሰጥቶኝ ገባ። መያዣውን ጨበጠ፣ ማርሹን ነካካ፣ ሞተሩን አስነሳ። ፊቱን ብታዩት! የሠርጉ ቀን ያየሁትን ፊት መልሼ አየሁት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጎኑን በር ከውስጥ ከፈተና ወንበሩን በእጁ መታ መታ አደረገ።

ዳምጠው አንድ እርምጃ ቀረብ አለና ቆመ። ትርሲት የሙቀት መለኪያውን አሻግራ አየች። በኃይሉ ቀበቶውን ይነካካል፣ ያችኑ እግሩን ያሰረባትን።

«ኑ እንጂ ልጆቼ» አለ መንገሻ። «እናታችሁን አላስጠበቅኳትም ነበር፤ እኔንም አታስጠብቁኝ።»

ማን እንደገባ እኔ አይቻለሁ። ክራንቹን ታቅፌ እዚያው ቆሜ ነበራ! ግን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ አትከራከሩም፣ ወደየቤታችሁ ነው የምትሄዱት። ስለዚህ በሩን እንደተከፈተ ትቼላችኋለሁ፤ ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ፀሐይዋም እየበረታች ነው። መኪናዋን ከጠፋችበት ያገኛት ዳምጠው፣ ከሞተችበት ያስነሳቻት ትርሲት፣ ወይስ መሪውን ለአባቱ እጅ የመለሰው በኃይሉ? እስቲ ፍረዱ፦ በአስካለ ወንበር መቀመጥ የሚገባው ማን ነው?