የማዶ የብረት በሬ

በድሮ ዘመን፣ በሬ እንደ ሰው በስሙ እየተጠራ በሚያርስበት፣ ሰውም እንደ በሬ ገና ባልተጠመደበት ዘመን፣ ግራር ሜዳ የሚባል አገር ነበረ። ከፊቱ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ፣ ከወንዙ ባሻገር ሌላ አገር። የግራር ሜዳ ሰዎች ያንን አገር «ማዶ» ይሉታል። የዚያ አገር ሰዎችም ግራር ሜዳን «ማዶ» ይሉታል።

የእኛ ተረት የሦስት ሰዎች ነው፤ ጆሯችሁን ስጡኝ። አንተም እዚያ ጋ፣ ማዛጋቱን ተውና ስማ።

አንደኛው ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን መቀደምን ይፈሩ ነበር። ማዶ ጭስ ከወጣ «ምን ሠርተው ነው?» ይላሉ። ማዶ ከበሮ ከተመታ «ምን አግኝተው ነው?» ይላሉ። ማዶ ጸጥ ካለ ደግሞ ይብስባቸዋል።

ሁለተኛው ሽብሩ ነው። ሽብሩ አገር ላገር ዟሪ፣ ወሬ አመላላሽ ነው። ታዲያ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ሽብሩ አይዋሽም። ካፉ ውሸት ወጥቶ አያውቅም። ተንኮለኛ ሁሉ ውሸታም ይመስላችኋል? ቂሎች! ትልቁ ተንኮለኛ እውነት ነው የሚናገረው፤ ግማሿን ብቻ።

ሦስተኛው ደምለው ነው። ደምለው ነገር አዋቂ ነበር። ያን ጊዜ ሙግት በአደባባይ፣ በዋርካ ሥር ነው። ጠያቂው ዘንጉን ይዞ ብድግ ይልና «ተጠየቅ!» ይላል። ተጠያቂውም «ልጠየቅ!» ብሎ ይቆማል። ደምለው «ተጠየቅ!» ካለ የሌባ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። «አየህ ወይስ ሰማህ? ከስንቱ ስንቱ? ካምናው ወዲህ ምን ተለወጠ?» እያለ ነገሩን እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል። ለአንዲት የጠፋች ፍየል ሳምንት ሙሉ ያሟግታል።

ለፍየል። ይህንንም ያዙልኝ።

ደምለው ቦራና ወይኖ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩት። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ የደምለውን ድምፅ ሲሰማ በመስክ መካከልም ቢሆን ጆሮውን አቁሞ ይመጣል። ሚስቱ አንጓች «ከኔ ይልቅ እሱን ታዋራለህ» እያለች ትቀናበት ነበር።

አንድ የጥር ቀን ሽብሩ አቧራ ለብሶ ከማዶ መጣና ዋርካው ሥር ቆመ።

«ጌታዬ፣ ተኝተዋል እንዴ?» አለ። «ማዶ የብረት በሬ ገብቷል! ሣር አይበላ፣ ውሃ አይጠጣ፣ አይታመም። ባንድ ዓመት ቁጥሩ እጥፍ ሆነ! እጥፍ!»

ሰው ሁሉ «ጉድ! ጉድ!» አለ። ፊታውራሪ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

ደምለውም ዘንጉን ይዞ ተነሣ። «ተጠየቅ!» ሊል አፉን ከፈተ።

«ደምለው፣ ተቀመጥ» አሉት ፊታውራሪ። «ይህ የፍየል ነገር አይደለም። ይህ የአገር ነገር ነው።»

ደምለው ተቀመጠ።

በሳምንቱ ሽብሩ ደግሞ መጣ። «ያነጋገርኳቸው የማዶ ገበሬዎች ግማሾቹ በሬ መጥመድ ትተዋል! ግማሾቹ! እናንተስ?»

ሰው ተንጫጫ። ደምለው ከመቀመጫው ቀና አለ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልቆመም። ከኋላው አንድ ጎረምሳ «ማዶዎች እየሮጡ እኛ ‹ከስንቱ ስንቱ› እያልን እንቀመጥ? ኋላ ቀር!» ብሎ ሳቀ፤ ሰውም ሁሉ ሳቀ። ደምለው በሕይወቱ ተስቆበት አያውቅም፤ ፊቱ ጋለ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ተቀመጠ። የሱ ዝምታ ግን ነቀዘ።

በሦስተኛው ሳምንት ሽብሩ መጥቶ ጮኸ። «ማዶ በብረት በሬ የታረሰው ማሳ ካምናው ሦስት እጥፍ ሰጠ! ሦስት እጥፍ! በሦስት ዓመት ገበያው የነሱ፣ ወንዙ የነሱ፣ ይህም ዋርካ የነሱ ነው!»

አያችሁ? የመጨረሻው ወሬ አይደለም፤ ትንቢት ነው። ለትንቢት ምስክር አይጠራም። ከሦስት እውነት ኋላ ደብቆ አስገባት።

ፊታውራሪ ላብ በላብ ሆኑ። «ምን ይሻላል?»

«በሬዎቻችሁን ስጡኝ» አለ ሽብሩ። «ነድቼ ወስጄ በብረት በሬ ለመለወጥ እሞክራለሁ። ክረምት ሳይገባ ከሆነልኝ እመለሳለሁ።»

እሞክራለሁ። ከሆነልኝ። አልዋሸም እኮ!

ገበሬው ግን አመነታ። በሬ ማለት ልጅ ማለት ነው። ያኔ ፊታውራሪ ደምለውን ለብቻው ጠርተው ካባ አለበሱት። «ሕዝቡ አንተን ያምናል» አሉት። «አንድ ቃል ተናገርልኝ።» ደምለውም ያ ጎረምሳ እንደገና እንዳይስቅበት ብሎ፣ ጥያቄውን ዋጥ አድርጎ፣ ዋርካው ሥር ቆመና «ስጡ፤ እኔም እሰጣለሁ» አለ።

ሰጡ። የሰጡት ሽብሩን አምነው አይደለም፤ ደምለውን አምነው ነው።

ማታ አንጓች «አንተ ሰው፣ ጠየቅከው?» አለችው።

«አገር ሲቸኩል እንዴት ልጠይቅ?»

«ለጠፋች ፍየል ሳምንት ትሟገታለህ፤ ለቦራና ለወይኖ አንዲት ቃል አጣህ?»

ጠዋት በሬዎቹ ሲነዱ ቦራ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። ደምለው ፊቱን አዞረ።

የካቲት አለፈ፤ ሽብሩ አልመጣም። ሚያዝያ አለፈ፤ አልመጣም። ሰኔ ግም አለ፣ ዝናቡ ወረደ፣ መሬቱ ለሰለሰ፤ የሚያርሰው ግን ጠፋ። ሰው በየደጁ ቆሞ ገደሉን ያያል። ከዚያ ወደ ደምለው ደጅ ያያል።

ደምለው መቻል አቃተው። ዘንጉን ይዞ ገደሉን ወረደ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ማዶ ወጣ።

ማዶ ሲደርስ መጀመሪያ የሰማው የጅራፍ ድምፅ ነበር። ከዚያ «ሃ! በል! ሃ!» የሚል የገበሬ ድምፅ። ማሳው ሁሉ በበሬ ይታረሳል። አንድ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው በሬ ከፊቱ እያረሰ ነበር።

«ቦራ» አለ ደምለው፤ ቀስ ብሎ።

በሬው ቀጥ አለ። ጆሮውን አቁሞ ዞረ። ባለቤቱ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ በጅራፍ መታው፤ አልሄደም። ደግሞ መታው። ደምለው አለቀሰ።

«ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለው ሽማግሌው እርፉን ለቆ።

«ተጠየቅ!» አለ ደምለው። አሁን ግን የተንቀጠቀጠው የሌባ ጉልበት ሳይሆን የራሱ ድምፅ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ?

«ልጠየቅ» አለ ሽማግሌው፤ የነሱም ባህል ነውና።

«የብረት በሬ አላችሁ ወይ?»

«አለን። አንድ ነበረን፤ አምና ሁለት ሆነ። አንድ መንገደኛ ነው ጥሏቸው የሄደው። ያ ጎተራ ጥግ አሉ፤ ዶሮ ያድርባቸዋል።»

«ግማሾቹ ገበሬዎች በሬ መጥመድ ትተዋል ወይ?»

«ሽብሩ የሚሉት ሰው የጠየቀው እኔንና ጎረቤቴን ነበር። የጎረቤቴ በሬ ታሞ ሞቶበት ነበር።»

«ሦስት እጥፍ የሰጠውስ ማሳ?»

«የኔ ነው። የብረቱን በሬ አንድ ቀን ብንሞክረው ጥግ ጥጉን ቧጭሮ ቆመ። አምና በረዶ መትቶብኝ ሦስት ቁና ነበር ያገኘሁ። ዘንድሮ በረዶ አልነበረም።»

ደምለው መሬት ላይ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ በዋርካው ሥር በሦስት ቃል ማውጣት ይችል ነበር። ይህ ነው ያንገበገበው።

«እናንተስ» አለ ሽማግሌው፣ «እናንተስ እውነት ነው? ሽብሩ ‹ማዶ፣ ግራር ሜዳ፣ ቤቱ ሁሉ በሬውን ፈቷል፤ በብረት ሊያርሱ ነው፤ ቀደሟችሁ!› ሲለን እንቅልፍ አጣን። እንዳትበልጡን ብለን በሬ ለመጨመር ጨዋችንን ሙልጭ አድርገን ሰጠነው። ዛሬ ለወጥ የሚሆን የለንም።»

«እውነቱን ነው» አለ ደምለው። «ፈተናል።»

በሬውን መልሱልኝ እንዳይል በጨው ተገዝቷል፤ ጨዉን እንዳይመልስ ጨው የለው። የቦራን ግንባር አሻሸና ተመለሰ። የበሬው ጩኸት እስከ ገደሉ አፋፍ ተሰማው።

በዚያ ክረምት ግራር ሜዳ ክፉ ነገር አየ። ሰው ቀንበር ተሸከመ። ባል ይጎትታል፣ ሚስት እርፍ ትይዛለች። ፊታውራሪም ከልጃቸው ጋር ተጠመዱ፤ ማንም አልሳቀባቸውም። ያ የሳቀው ጎረምሳ አገር ጥሎ ጠፋ። ብዙዎች መስከረምን አላዩም። ለደምለው ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ግን ወሬ ይቆማል። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

አንድ ቀን ደምለው ቀንበር ባንገቱ፣ አንጓች ከኋላው እርፍ ይዛ ሲያርሱ፣ አንድ የጨው ነጋዴ በመንገድ አለፈ። ቆሞ አያቸውና አፉን ያዘ።

«እንግዲያስ እውነት ነው!» አለ። «ከላይ አገር ሽብሩ የሚሉት ሰው ለሕዝብ ሲናገር ሰማሁት። ‹እኔ ባየሁት አገር ሰው ያለ በሬ ያርሳል! አምና ማንም አልነበረም፤ ዘንድሮ ቤቱ ሁሉ ነው! እናንተስ ተኝታችኋል?› ይላል። የላይ አገር ሰው በሬውን ሊፈታ እየተማከረ ነው።»

አንጓች እርፉን ለቀቀች። ደምለው አልሳቀም፤ አላለቀሰም። ቀንበሩን ሳያወልቅ ዘንጉን ከመሬት አነሣና ለነጋዴው ሰጠው።

«ሮጠህ ድረስላቸው» አለው። «ሽብሩ ሲናገር ይህን ይዘህ ተነሣ። ይስቁብሃል፤ ይሳቁ። ‹ተጠየቅ! ያለ በሬ የሚያርሱት በምን ነው?› በለው።»

ነጋዴው ደረሰ ወይስ አልደረሰም? እሱን አላውቅም። ላውቅ ስል ስንት ዓመት ጠየቅኩ፤ የነገረኝ የለም።

ልጆቼ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። «እጥፍ ሆነ» ሲሏችሁ ከስንት ተነሥቶ በሉ። «ግማሹ» ሲሏችሁ የስንቱ ግማሽ በሉ። «ቀደሟችሁ» ሲሏችሁ ደግሞ በሬያችሁን አጥብቃችሁ ያዙና ቀድሞ ማን እንደሚጠቀም ተመልከቱ። ለፍየል የምትጠይቁትን ያህል ለአገር ጠይቁ።

ተረቴን ጨረስኩ። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ይልቅ ከናንተ አንዱ ብድግ ይበልና ይጠይቀኝ።