የጠፋችው የጳጉሜ ቀን

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰው ነበረ። ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ የዲዛይን ክፍሉ የቡድን መሪ ነው። ስሙን ታረቀኝ እንበለው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወገኖቼ፤ እንዲያውም ከብዙዎቻችን ይሻላል። ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ ጌምና ጁዶ።

እናቶች፣ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ! ጌም ሲባል ልጅ የሚበላ ጅብ ይመስላችኋል። ልጆችም አትሳቁ፣ የእናንተም ተራ ይደርሳል። እስቲ መጀመሪያ ስሙኝ።

ታረቀኝ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ አገር ይለውጣል። ሣሩ ሰማያዊ የሆነ፣ ጉም የማይለየው፣ ወንዙ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ አገር ውስጥ ይገባል። አብረውት የሚጫወቱት አንዱ ድሬዳዋ፣ ሌላው ጎንደር ነው፤ በዓይን ተያይተው አያውቁም። በዚያ አገር ግን ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። ቀስት የሚወረውር አለ፣ ቁስል የሚያክም አለ። የታረቀኝ ሥራ ጋሻ መያዝ ነው። ከሁሉም ፊት ይቆማል፣ ምቱ እሱ ላይ ያርፋል፣ ከኋላው ያሉት ይተርፋሉ። ይህን ሲያደርግ እንዴት ደስ ይለው ነበር መሰላችሁ!

ጁዶውስ? ጁዶ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሰውን ይዞ መሬት ላይ መጣል ነው። ታዲያ መጣል የሚማር ሰው የሚወድቅለት ያስፈልገዋል። አሠልጣኙ ጋሽ በዳሶ አንድ ሕግ አላቸው፤ ቀበቶህ ከፍ ባለ ቁጥር አብዝተህ ትወድቃለህ። አዲስ ሰው ሲመጣ የሚወድቅለት አንጋፋው ነው። «አንተ መውደቅ ታውቅበታለህ፣ እሱ ገና ነው፤ ስለዚህ አንተ ውደቅ» ይላሉ። ታረቀኝም ይወድቃል። እግሩ ከምንጣፉ ሲለቅ፣ ጣሪያው ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ለቅጽበት ክብደት የሌለው ይሆናል። ልክ በሕልም እንደመብረር ነው ይል ነበር። ከዚያ ክንዱ ምንጣፉን ጧ ያደርገዋል፣ ይነሣል፣ ይስቃል።

ይህ ሁሉ ለሥራው አልጠቀመውም ትላላችሁ? ጠቀመው እንጂ! ማን የት ቢቆም እንደሚሻል ከጌሙ ተምሯል። የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣ አይገዳደርም፣ ድምፁን አያነሣም፤ ያ ከጁዶው ነው። የደከመውን ሰው ሳይነገረው ያውቃል። «አንቱ አትበሉኝ» ስለሚል የክፍሉ ሰው ሁሉ አንተ ይለዋል። እንዲህ ያለ አለቃ ከየት ይገኛል እያሉ ሌሎቹ ክፍሎች ይቀኑ ነበር።

እንግዲህ ሐምሌ ገባ። አንድ ትልቅ ድርጅት የመጪውን ዓመት ካላንደር አዘዘ። ሥራው ለምንታምር ተሰጠ። ምንታምር አዲስ ናት፣ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፤ በዚያች ደመወዝ ሁለት ታናናሾቿን ታሳድጋለች። ዕለታቱን አስተካክላ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ወደ ታረቀኝ መጣች።

«የመጪው ጳጉሜ አምስት ናት ወይስ ስድስት?»

ውጭ ካፊያ ነው። ሐይቁ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሏል፣ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይታይም። ታረቀኝ በመስኮቱ እያየ በሐሳብ ሄዷል፤ ልቡ ሰማያዊው ሣር ላይ ነው። ዞር እንኳ ሳይል፣

«አምስት ናት፤ እንደ ዘንድሮው አድርጊው» አላት።

መጪው ዓመት ግን ዘመነ ሉቃስ ነበር! በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት መሆኗን የማያውቅ ማን አለ? እሱም ያውቃል። ቢነቃ ኖሮ ያስታውስ ነበር።

ካላንደሩ ታተመ፣ ተጠረዘ፣ ተላከ። ደንበኛው ደወለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ አስናቀ ሁለቱንም ጠሩና ካላንደሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ስድስተኛዋ ቀን የት ገባች? ቀን ትበላላችሁ እንዴ እናንተ? ማነው የሠራው?»

አሁን ልብ በሉልኝ። ታረቀኝ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ይህ ነው፤ «ዲዛይኑን የሠራችው ምንታምር ናት።»

ውሸት ነው? አይደለም። እውነት ነው? እናንተው ፍረዱ።

ምንታምር አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «እሱ ነው ያለኝ» አላለችም። ዓይኗን መልሳ መሬት ላይ ተከለች። አቶ አስናቀም «ነገ ጠዋት ዕቃሽን ሰብስበሽ ሂጂ» አሏት።

ያን ዕለት ከሥራ ሲወጣ ወደ ጁዶው ሄደ። አዲስ የመጣች ተማሪ ነበረች፤ ጋሽ በዳሶ ታረቀኝን ፊቷ አቆሙት። ልጅቷ ያዘችው፣ ሳበችው። እሱ እንደ ዋርካ ተተክሎ ቀረ። ደግማ ሳበችው። ወይ ፍንክች!

«ምን ነካህ አንተ?» አሉ ጋሽ በዳሶ። «ሰውነትህን ምን አደረቀው? ልጅቷ በምን ትማር? ውደቅላት እንጂ!»

ውደቅላት። ቃሉ ሆዱ ገባ። እግሩ ለቀቀ፣ ጣሪያው መዞር ጀመረ፣ ያ የሚወደው ክብደት የሌለው ቅጽበት መጣ፤ ግን ያን ቀን ቅጽበቷ አላልቅ አለች። በአየር ላይ እንዳለ ያንን ሰማያዊ አገር አየ፣ ጉሙን አየ፣ ከኋላው የቆመችውን አየ። ምንታምር ናት። ምቱ እየመጣ ነው፣ እሱም ጋሻውን ይዞ ወደ ጎን ገለል ብሏል። ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ አልተነሣም። ተጋድሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጋሽ በዳሶ አጥንቱ የተሰበረ መስሏቸው ሮጡ።

በማግሥቱ በጠዋት አቶ አስናቀ ቢሮ ገባ።

«ጠይቃኝ ነበር። አምስት ናት ያልኳት እኔ ነኝ። ትናንት ልነግርዎት ፈራሁ።»

«መሪነቱን ትለቃለህ» አሉ አቶ አስናቀ።

«እለቃለሁ። እሷን ግን አይንኩብኝ።»

ወጣ። ምንታምር ስኒዋን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። «ተዪው፣ አትሄጂም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ» አላት።

እናንተ ምን ጠበቃችሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች ብላችሁ? እኔም እንዲያ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ስኒዋን አስቀመጠችና ጠየቀችው፤

«ትናንትስ የት ነበርክ?»

ታረቀኝም እውነቱን ተናገረ። «አጠገብሽ ነበርኩ። አጠገብሽ ቆሜ ዝም አልኩ።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው መመታት አያውቅም ነበር? መውደቅ አያውቅም ነበር? በሳምንት በሳምንቱ ይለማመደው የለም ወይ! ግን የሚለማመደው ማንም በማይሞትበት አገር፣ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ነው። ደረቁ መሬት ሲመጣ ገለል አለ።

እና እኛስ? እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እየሠራን ነው? እንዘምራለን፣ እጃችንን እንዘረጋለን፣ በእኛ ፈንታ የተመታውን ጌታ እያሰብን እናለቅሳለን። መልካም ነው፣ ልምምዱን አትተዉ! ልጆች፣ እናንተም ጌማችሁን ተጫወቱ፣ ትምህርታችሁን ሳትበድሉ። ግን ቤት ገብታችሁ ዕቃ ሲሰበር፣ ጥፋቱን የቤት ሠራተኛዋ ላይ የምታላክኩት እናንተ አይደላችሁም? በእናንተ ትእዛዝ የሄደውን ሹፌር «ማን ሂድ አለህ?» የምትሉት እናንተ አይደላችሁም? ልጅ በፈተና በወደቀ ቁጥር «የእናንተ ዘር ነው» እያልን ለሚስቶቻችን የምንወረውረው እኛ አባቶች አይደለንም?

አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ የእናንተን ምት የሚቀበል አንድ ሰው አለ። ዝም ብሏል። ስሙን እኔ አላውቀውም፣ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፤ አሁን ልባችሁ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ምሳ ሳትበሉ ደውሉለት።