ቁልፉን ያዋሱ ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ ለፍቶ የሠሩትን ፕሮግራም ለዓለም በነጻ መስጠት እንደ ትልቅ ክብር በሚቆጥሩ ሰዎች መካከል፣ ሦስት ባልደረቦች በሦስት ከተማ ተቀምጠው አንድ ሥራ ሠሩ። ሥራው ሊኑክስ በሚባለው ነጻ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ አማርኛ የሚያስጽፍ ፕሮግራም ነበር፤ ስሙን «መቃ» አሉት። ሐረገወይን ጎጃም ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች። የቢሮዋ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የምስክር ቃል እያቆራረጡ ቢያስቸግሯት፣ ከመጻሕፍት ተምራ የፕሮግራሙን ዋና ክፍል ጻፈች። ገዛኸኝ አርባ ምንጭ ላይ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ነበረው፤ ሌላው ሰው የጣለውን ማሽን አንስቶ መቃን ያስነሳበታል። ኑሪያ ደሴ የምታስተምር ወጣት ነበረች። መመሪያውን ጽፋለች፤ ከየቦታው የሚመጣውን ጥያቄም፣ ከነስድቡ፣ ሳትሰለች ትመልሳለች።

የእነዚህ ሰዎች ሕግ ቀላል ነው። ማንም ሰው ማሻሻያ ጽፎ መላክ ይችላል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ግን አንብቦ ካልተቀበለው አይገባም። የገባው ሁሉ ከጻፈው ሰው ስምና ከቀኑ ጋር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቁልፍ የሚሉት የብረት ቁልፍ አይደለም፤ ረጅም የይለፍ ቃል ነው። ደሞዝ የለም። ደሞዙ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ነው።

በአራተኛው ዓመት አውሮፓ ውስጥ ከሚደረግ የሊኑክስ ጉባኤ ጥሪ መጣላቸው። ሐረገወይንና ኑሪያ ቪዛ ተከለከሉ፤ ገዛኸኝ ፓስፖርት እንኳ አልነበረውም። ምንተስኖት የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ግን ቪዛ ነበረው። ምንተስኖት ሊኑክስን መጫንና ስለ ሊኑክስ ማውራት ያውቅበታል። የላፕቶፑ ክዳን በየጉባኤው ተለጣፊ ተሸፍኖ የኮምፒዩተሩ ቀለም አይታይም ነበር።

«እኔ ስለ እናንተ ልናገር» አላቸው። «ቁልፉን ግን ስጡኝ። መድረክ ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ማንን ልጥራ?»

ሰጡት። ሥራቸውን የፈለገ ይውሰደው ብለው የበተኑ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሊሰረቅ የሚችል ነገር እንዳላቸው አልታያቸውም።

ምንተስኖት አውሮፓ እንደደረሰ ቁልፉን ለወጠ። ከዚያም የአራቱን ዓመት መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና አስጻፈ፤ ሦስቱ ስሞች ወጡ፣ የእሱ ብቻ ገባ። መድረክ ላይ ቆሞም «አራት ዓመት ብቻዬን ደከምኩ» አለ። ተጨበጨበለት።

ሐረገወይን ደወለችለት።

«ምንተስኖት፣ ስሜ የታለ?»

«ሐረግዬ፣ መቃ እኮ የሁሉም ነው። በነጻ ያላችሁት እናንተው ናችሁ።»

«በነጻ ያልነው ሥራውን ነው።»

«እና ምን ጎደለብሽ? ቢሮሽ ውስጥ እየሠራልሽ አይደል?»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን አልጠራችም፤ «ያ» ነበር የምትለው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቃል ስትጽፍ ኖራለች፤ ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ግርጌ የዳኛው ስም እንጂ የእሷ ሰፍሮ አያውቅም። ስሟ የተጻፈበት አንድ ቦታ መቃ ነበር። ስለዚህ የምትፈልገው ካሣ አልነበረም፤ እንዲዋረድ ነበር፣ ሰው ፊት፣ በዚያው መድረክ ላይ።

ሦስቱም እንደየችሎታቸው ተነሡ።

ገዛኸኝ ኢንተርኔት የማይደርስበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ከስርቆቱ ትንሽ ቀደም ብሎ መቃን እንደጫነ አስታወሰ። የመቃ ቅጂ ሁሉ መዝገቡን ሙሉውን ይዞ ይሄዳል፤ ኢንተርኔት ያገኘው ቅጂ ግን ሁሉ በምንተስኖት መዝገብ ተተክቷል፤ ያ ኮምፒዩተር ከዓለም ስለተለየ ማንም አልነካውም። በአውቶቡስ አንድ ቀን፣ በእግር ግማሽ ቀን ተጉዞ ቅጂውን አመጣ። ይህን ያደረገው ስርቆቱ በተሰማ በሳምንቱ ነው። ግን ለማንም አላሳየም። ኑሪያ እውነቱን ጽፋ «የሰው ሥራ የምትመኝ» ተብላ ስትሰደብ፣ ከጉባኤው የኢሜይል መወያያም ስትባረር፣ ገዛኸኝ ማስረጃውን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ዝም አለ። በዓመቱ ሲነግራቸው ሐረገወይን ለምን እንደዘገየ ጠየቀችው። «ያኔ ባወጣው ይቅርታ ጠይቆ ያልፍለት ነበር» አላት። «ከፍ ይበል አልኩ። ሲወድቅ ድምፁ ይሰማ።»

ኑሪያ ደግሞ ለምንተስኖት የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈች። ቅናት አሳውሮኝ ነበር አለችው። እሱም ደስ ብሎት የተሸነፈችውን ልጅ ከጎኑ አስቀምጦ ሊያሳያት ፈለገ፤ ለሚቀጥለው ጉባኤ የጥሪ ደብዳቤ አስላከላት፣ ኤምባሲው ዘንድ ዋስ ሆኖ ፈረመላት። አዲስ አበባ እናቱ ቤት ሦስት ቀን አረፈች። እናቱ እትዬ አስካለ አልጋቸውን ለቀቁላት፤ ለመንገድም ዳቦ ቆሎ ቋጠሩላት። አውሮፕላን ውስጥ ከምንተስኖት ጋር ተሻምተው በሉት።

ሐረገወይን የምታውቀውን አደረገች፤ ጻፈች። ታደለ በሚል የሐሰት ስም «መቃን ትንሽ ያፈጥናል» ብላ አንድ ማሻሻያ ላከች። በውስጡ የጉባኤው ቀን ሲደርስ የሚነቃ ነገር ነበር፤ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አዲሱን መቃ በተቀበለ ኮምፒዩተር ሁሉ ጽሑፍ ሦስት መቶ ፊደል ሲሞላ ገጹ ባዶ ይሆናል። ያነበበው ሰው ያገኘዋል። ምንተስኖት አላነበበውም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተቀበለው፤ እንደ ልማዱም የታደለን ስም ሰርዞ የራሱን አሰፈረ። በጉባኤው ዋዜማ ሐረገወይን በእሷ ፍርድ ቤት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ የድሮውን መቃ መልሳ ጫነች።

ቀኑ ደረሰ፤ ሰኞ ነበር። ሐረገወይን በምሳ ሰዓት ቢሮዋ ተቀምጣ ጉባኤውን በቀጥታ ታያለች። ምንተስኖት አንድ ገጽ አማርኛ ሰው ፊት እጽፋለሁ ብሎ ጀመረ። አምስተኛው መስመር ላይ ገጹ ጠፋ። ሳቅ አለና እንደገና ጻፈ። ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ አንገቱ ላይ ላብ ታየ።

ኑሪያ ከሁለተኛው ረድፍ ተነሣች። የጎኗ ወንበር የእሱ ነበር።

«አቶ ምንተስኖት፣ ጉድለቱ የት እንዳለ ያሳዩን። የጻፈው ሰው በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል።»

«የጻፍኩት ቆይቷል።»

«የዛሬ ወር የገባ ነው። መዝገቡ ላይ ስምዎ አለበት።»

ኑሪያ የገዛኸኝን ቅጂ ከፍታ በትልቁ ግድግዳ ላይ አበራችው፤ አራት ዓመት፣ ቀን በቀን፣ ሦስት ስም። አንድ ሰው አፏጨ። ምንተስኖት ላፕቶፑን ሳይዘጋ በጎን በር ወጣ፤ ባለተለጣፊው ክዳን እንደተከፈተ መድረኩ ላይ ቀረ።

ሐረገወይን ያንን ቪዲዮ እስከ ማታ ሰባት ጊዜ አየችው። አንገቱ ላይ ላብ የሚታይበት ቦታ ስትደርስ እያቆመች ነበር። ማስተካከያውን አዘጋጅታ ይዛ ነበር፤ የላከችው ግን በሦስተኛው ቀን ነው። ውርደቱ በየአገሩ እስኪዳረስ ጠበቀች።

በሳምንቱ የጉባኤው ሰብሳቢ፣ ሄልጋ የምትባል ሽበታም ሴት፣ ለሦስቱ ጻፈችላቸው። የመቃ መዝገብ በጉባኤው ኮምፒዩተር ላይ ስለሚቀመጥ ቁልፉ ይመለሳል፣ አለች፤ ከእንግዲህ ግን በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው የሚሆነው። አይዋስም፣ አይከፋፈልም። የዚያ ሰው ስም ከመዝገቡ ራስ ላይ ይሰፍራል፤ በየጉባኤውም ስለ መቃ የሚናገረው እሱ ነው። በሠላሳ ቀን ተስማምታችሁ አንድ ስም ላኩ፤ አለዚያ መቃ ይዘጋል።

ሐረገወይን ስሙ የማን እንደሚሆን አልተጠራጠረችም። በስልክ ሦስቱ ሲገናኙ ግን ኑሪያ የመጣ አንድ ጥያቄ ልታነብላቸው እንደምትፈልግ ተናገረች። ከአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የተላከ ነበር።

«‹በዚያ ሰኞ የምስክር ቃል ስጽፍ ከፊቴ ጠፋ። ምስክሩ ከቆላ ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸውን ደግመው እንዲሰጡ በተቀጠረላቸው ቀን ሳይመጡ ቀሩ። ባለጉዳይዋ መሬቷን ተረታች። ጥፋቱ የእኔ ነው ተብሎ ተጽፎብኛል። የእኔ ነው ወይ?›» ኑሪያ አንብባ ጨረሰች። «ምን ብዬ ልመልስላት፣ እትዬ ሐረግ?»

ሐረገወይን ገጽ ሲጠፋ ጸሐፊዋ እጇን የት እንደምታደርግ ታውቃለች።

«ያ ነው ያጠፋው። ስሙ አለበት» አለች።

«የእሱ ስም ያለው የአንቺ ሥራ ላይ ነው» አለ ገዛኸኝ። «ዘንድሮም እንደ አምናው።»

«አንተስ? ዓመት ሙሉ መሳቢያህ ውስጥ ቆልፈህ? ያኔ ብታወጣው ኖሮ እኔ ይህን እጽፍ ነበር?»

«ያለ እኔ ማስረጃ የአንድ ሰው ኮምፒዩተር ተበላሸ ተብሎ ይቀር ነበር።»

«ጋሽ ገዛኸኝ፣ እኔን ስድብ ሲያጠግቡኝ ምን ትሠራ ነበር?» አለች ኑሪያ። «ሻይ ትጠጣ ነበር?»

«አንቺም የእናቱን ዳቦ ቆሎ ትበዪ ነበር» አላት። «እትዬ አስካለ ስልክ ደውለውልሽ የለ? ምን አሉሽ?»

«‹አልጋዬን ሰጥቼሽ አልነበር?› አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።» ኑሪያ ቀጥላም «ግን አዳራሹ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። እናንተ ቤታችሁ ነበራችሁ» አለች።

«ያለ እኔ የሚቆምበት ነገር የለም» አለች ሐረገወይን። «መቃን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ካደሽ?» አለ ገዛኸኝ። «የምንጠይቀው ማን ይጠብቀው ነው።»

ማንም ለማንም አልለቀቀም። ስልኩ ሳይሰነባበቱ ተዘጋ።

የተሰጣቸው ሠላሳ ቀን ነገ ያልቃል። ሄልጋ ስለ ታደለ የምታውቀው ነገር የለም፤ ሦስቱም ዝም ካሉ ማንም አያውቅም። የጸሐፊዋ ጥያቄ አሁንም ሳይመለስ ተቀምጧል። ያለ ሐረገወይን መቃ አይኖርም፣ ወጥመዱም አይኖርም። ያለ ገዛኸኝ የማንም ስም አይመለስም። ያለ ኑሪያ ያ ሰው ዛሬም መድረክ ላይ ነው። አንዷ የማታውቃቸውን ሰዎች ጎድታለች፤ አንዱ ወዳጆቹ ሲሰደቡ እያየ ዝም ብሏል፤ አንዷ ዋስ የሆናትን ሰው ከጎኑ ተቀምጣ ጥላለች። ሌባውንም የጣሉት በእነዚሁ ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ የመቃ ቁልፍ የሚገባው ለማን ነው?