የፋኖሴ ጌታ

ተረት ተረት ስላችሁ «የዓሣ በረት» በሉኝ። እህ፣ እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ፀሐይ በማትደርስበት በጥልቁ ባሕር ውስጥ፣ ፋኖሴ የምትባል ትልቅ ዓሣ ትኖር ነበር። ግንባሯ ላይ ፋኖስ ተንጠልጥሎላታል። ለአደን አትሮጥም። ፋኖሷን ወዝወዝ ታደርጋለች፣ ዓሦቹ «ብርሃን አየን» ብለው ይመጣሉ፣ እሷ አፏን ትከፍታለች። ጥርሷ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ የገባ አይወጣም። ሆዷም ይለጠጣል፤ ከራሷ የሚበልጥ እንግዳ ያስተናግዳል።

በዚያው ጨለማ ቀብራራው የሚባል ወንድ ዓሣ ነበር። ቁመቱ ጣት አያክልም፤ ወሬው ግን ባሕሩን ይሞላል። አድኖ አያውቅም። ሲርበው «ጾም ላይ ነኝ» ይላል።

አንድ ቀን ፋኖሱን ከሩቅ አየና ለጎረቤቱ ለሽማግሌው አያ ሸርጣን፣ «ላገባት ነው» አለው። «ያ ፋኖስ ያለው የባሕሩ ጌታ ነው።»

«ፋኖሱ የእሷ ነው» አለ አያ ሸርጣን።

«ካገባኋት የኔ ነው።»

«ጎኗ ላይ ያሉትን ሁለት እባጮች አይተሃል?»

«ኪንታሮት ነው። ለፋኖሱ ስል እችለዋለሁ።»

አያ ሸርጣን ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ቀብራራን መምከር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ቀብራራው ሽታዋን ተከትሎ ሄደ። «እሜቴ፣ ላገባዎት መጣሁ» አላት። ፋኖሴ አልበላችውም፤ ለጥርሷም አይሞላ።

«እኔን ያገባ ከኔ ጋር አንድ ሥጋ ይሆናል» አለችው።

«እሱማ የትም አገር ያለ ነው» አለ ሙሽራው።

«እንግዲያው ጎኔን ነክሰህ ያዝ። የኛ አገር ቀለበት ይኸው ነው።»

ነክሶ ያዘ። ሲውል ሲያድር ከንፈሩ ከቆዳዋ ጋር ተጣበቀ። ደሟ ወደ ደሙ ገባ፤ ሳያድን ጠገበ። «ጌትነት ይሉሃል ይሄ ነው» አለ በልቡ።

ፋኖሴም፣ «ጌታዬ፣ ዓይን ምን ያደርግልዎታል? የማየው እኔ አይደለሁ?» አለችው። ዓይኑ ጠፋ። ያገባበትን ፋኖስ እንኳ ማየት ቀረ።

«ጌታዬ፣ ሆድ ምን ያደርግልዎታል? የምበላው እኔ አይደለሁ?» ሆዱ ጠፋ።

«ጌታዬ፣ ክንፍ ምን ያደርግልዎታል? የምሄደው እኔ አይደለሁ?» ክንፉም ጠፋ።

«እምቢ» ሊል ፈለገ። በየትኛው አፉ? ዘሩን ብቻ ተወችለት፤ እሱንም ለራሷ ፈልጋው ነው።

ከዚያ ሌላ ጎረምሳ ዓሣ መጣ። ፋኖሴን ዞር ዞር ብሎ አያትና ለአያ ሸርጣን፣ «ላገባት ነው። ኪንታሮቷ ግን በዛ፤ ሦስት ነው» አለው።

ቀብራራው ይህን ሰምቶ አንጀቱ አረረ፤ አንጀት ቢኖረው። «እኔ ባሏ ነኝ» ማለት አማረው፤ ምኞቱ ሥጋዋ ውስጥ ቀረ።

አያ ሸርጣንም ለጎረምሳው፣ «ሦስቱም የባሕሩ ጌቶች ናቸው» አለው። «አንተ አራተኛው ትሆናለህ።»

ጎረምሳው «አሜን» ብሎ ሄደ።

ለዚህ ነው «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚባለው። እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ግን ለኔው ተዉልኝ፤ አፉን የሰጠ ምን እንደሆነ ሰምታችኋል።