የጸዳለን ሞተር የጠየቁ ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ዘመን፣ አርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ጸዳለ የምትባል አጭር ሴት ነበረች። አጭር ያልኳችሁ ወሬ ለማሳመር አይደለም፤ የደረሰባት ሁሉ ከቁመቷ ጋር የተያያዘ ነው። ጸዳለ የግብርና ባለሙያ ነበረች። በየሙዝ እርሻው እየዞረች ቅጠል የሚያደርቀውን በሽታ ታያለች፣ ገበሬውን ታማክራለች። የመሥሪያ ቤቱ ሞተሮች ግን ረጃጅም ነበሩ። ስትቀመጥባቸው እግሯ መሬት አይደርስም፤ ባልደረቦቿም «መሰላል እናምጣልሽ?» እያሉ ይስቁባታል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ይዛ ከኋላ ተቀምጣ ሥራዋን ሠራች።

በሰባተኛው ዓመት የራሷን ገዛች። ክሩዘር የሚሏት ዓይነት ትንሽ ሞተር ነበረች፤ ባለ ሁለት መቶ ሲሲ፣ ወንበሯ ዝቅ ያለ፣ መሪዋ ወደ ነጂው የተቀለበሰ፣ የነዳጅ ታንከሯ ጥቁር ቀይ። ጸዳለ ሱቁ በር ላይ ወጥታ ተቀመጠችባትና ሁለቱንም እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች። ተረከዟ ሳይቀር ነካ። ሻጩ ስለ ነዳጁና ስለ ጎማው ሲያስረዳት አንድም ቃል አልሰማችም። «እግሬ ደረሰ» ብቻ አለች።

ከዚህ በኋላ ያለው የሦስት ሰዎች ነገር ነው።

አንደኛው ታላቅ ወንድሟ መርዕድ ነው። በአሥር ዓመት ይበልጣታል፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ፒክአፕ እየነዳ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ያመላልሳል። ሞተር መንዳት ያስተማራትም እሱ ነው፤ አስተማሪነቱን ያየ ሁሉ ግን ረግሞታል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋ ላይ ይወስዳታል። ሞተሯን ያስጥላትና ብቻዋን እንድታነሳት ያደርጋል፤ ሃያ ጊዜ፣ ሃያ አምስት ጊዜ። ስታለቅስ «ገና ነው» ይላታል። የባሰውም አለ። አሸዋው ላይ ያስተኛትና ሞተሯን ግራ እግሯ ላይ አጋድሞባት ዞር ይላል።

«ውጪ!»

«ጋሼ፣ እግሬን ሰበርከኝ!»

«አሸዋ ነው፤ አይሰብርም። ውጪ አልኩሽ!»

እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ማንጎ ይልጣል። የመጀመሪያው ቀን ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። እየቆየ ግን ገባት፤ ትንፋሽን መያዝ፣ አለመንፈራገጥ፣ ነጻውን እግር ወንበሩ ላይ አጽንቶ መሪውን በሁለት እጅ መግፋት። እናታቸው ወይዘሮ ገዳምነሽ የልጃቸውን ጭን ጠቁሮ ቢያዩ አለቀሱ።

«አንተ አረመኔ! እህትህ እኮ ናት።»

«መንገዱ እህቴ መሆኗን አያውቅም» አላቸው መርዕድ። ጸዳለን ግን አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቃትም።

ሁለተኛው መካኒኩ ጋሽ ኦርካይዶ ናቸው፤ ጥርሳቸው የሳሳ፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ ሽማግሌ። ጸዳለ እሑድ እሑድ ጋራዣቸው ትውላለች። መቼም የመጀመሪያ ሞተሩን የገዛ ሰው አርፎ አይቀመጥም፤ ትንሽ ባሻሽላት፣ ትንሽ ባስጌጣት ይላል። የኋላ ጎማዋን በሰፊ አስቀየረች፤ ጎኗ ላይ የወረቀት መያዣ የቆዳ ቦርሳ አስገጠመች፤ መስታወቶቿን ክብ አደረገች። ጋሽ ኦርካይዶ ደግሞ ሳይጠየቁ ሽቦዋን በሙሉ ፈትተው ውሃ እንዳይነካው አድርገው ሸፈኑት፤ የአየር መሳቢያዋንም ከፍ አደረጉት። «የምትውዪው ቦይ ለቦይ ነው፤ ውሃ ውስጥ ብትወድቅም በአንድ ንክኪ መነሳት አለባት» አሏት።

ሞተሯ በግራና በቀኝ የነጂውን እግር የሚጠብቅ የተቀለበሰ ብረት ነበራት። ጋሽ ኦርካይዶ ቀለም ላስቀባው ብለው ፈቱት። በሳምንቱ ብትመጣ «ቀለሙ አልደረቀም» አሏት። በሁለተኛውም ሳምንት «አልደረቀም» አሏት። በሦስተኛው ጸዳለ ሞተሯ ያለ ብረቱ ቀጠን ማለቷን ወደደችውና መጠየቁን ተወችው።

ሦስተኛው እጮኛዋ ያፌት ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሞተር ቀርቶ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላዋ ተቀምጦ ሐይቁ ዳር ይሄዳሉ። ባጃጅ ተራ ያሉ ጎረምሶች «ሙሽሪት ትነዳለች፣ ሙሽራው ታዝሏል!» እያሉ ይጮኹበታል። እሱ እጁን ያወዛውዝላቸዋል። ለቀለበታቸው ቀን ምን ልስጣት ብሎ ሲያስብ ሰነበተና፣ ለሞተሯ አዲስ ወንበር አሠራላት። ወፍራም ስፖንጅ፣ ቡናማ ቆዳ፣ ዙሪያውን በነጭ ክር የተሰፋ፤ ከኋላ ደግሞ እሱ የሚደገፍበት መደገፊያ። ጸዳለ ስታየው አለቀሰች። ከዚያ በፊት ለሞተሯ ስጦታ የሰጣት ሰው አልነበረም።

ወንበሩ ከቀድሞው በአራት ጣት ከፍ ይላል። ጸዳለ የዚያኑ ዕለት አወቀችው፤ ስትቆም መሬት የሚነካው የጫማዋ ጫፍ ብቻ ሆነ። ለያፌት አልነገረችውም።

መርዕድ ግን አንዴ አይቶ ጨረሰው። «ይህን ወንበር ዛሬውኑ አስወልቂ።»

«ስጦታ ነው፣ ጋሼ።»

«ወንድ ከኋላሽ እንዲመቸው ብለሽ እግርሽን ከመሬት አነሳሽ?»

«የምነዳው እኔ ነኝ፤ ተወኝ።»

«እተውሻለሁ። ስትወድቂ ግን እኔን እንዳትጠሪ» አለና ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፋት።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጸዳለና ያፌት በሙዝ እርሻዎቹ መካከል በጠባቡ መንገድ ይመለሱ ነበር። ከመንገዱ በስተግራ በሲሚንቶ የተሠራ የመስኖ ቦይ አለ። ከፊታቸው ሙዝ የጫነ መኪና መጣ። መኪናው የእነሱን ቀኝ ዳር ይዞ ስለመጣ፣ ጸዳለ ለማሳለፍ ወደ ግራው ዳር ወጥታ ቆመች። ልብ በሉ፤ ሞተሯ ቆማለች። ጸዳለ ግራ እግሯን ዘረጋች። መሬቱ ወደ ቦይ ዘቅዘቅ ይላል፤ ወንበሩ ከፍ ብሏል፤ እግሯ የሚያርፍበት አጣ።

ቀስ ብለው ወደቁ። ያፌት ከቦዩ ማዶ ወድቆ ጭንቅላቱን መታና ራሱን ሳተ። የጸዳለ ግራ እግር በሞተሯና በቦዩ የሲሚንቶ ጠርዝ መካከል ተቀረቀረ። ጭንቅላቷ ውሃ ውስጥ ነበር። ባለመኪናው አላያቸውም፤ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

ጸዳለ ውሃ ውስጥ ሆና ትንፋሿን ያዘች። አልተንፈራገጠችም። ቀኝ እግሯን ወንበሩ ላይ አጸናች፤ መሪውን ገፋች። የእግሯ አጥንት ሲሰበር ሰማችው፤ መግፋቷን ግን አላቆመችም። ያፌት ሲነቃ እሷ መንገዱ ላይ ወጥታ ተኝታለች፤ ደሟ አቧራውን ጭቃ አድርጎታል።

ያፌት ቀበቶውን ፈትቶ ከጉልበቷ በላይ አጥብቆ አሰረ። ከዚያ መርዕድ ዘንድ ደወለ፤ የመርዕድ ፒክአፕ ከዚያ ቦታ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነበረች።

«መርዕድ፣ ያፌት ነኝ፤ ጸዳለ...»

ስልኩ ተዘጋ። መልሶ ደወለ፤ አይነሳም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውል መርዕድ ስልኩን አጥፍቶታል።

በመንገዱ ሰው አላለፈም። ያፌት ከቦዩ ጠርዝ ሞተሯን ጎትቶ አቆመ። ቁልፉን አዙሮ ነካት፤ በአንድ ንክኪ ተነሳች። ጸዳለን ከኋላ አስቀምጦ መደገፊያው ላይ አስደግፎ በሻርፗ ከወገቡ ጋር አሰራት። እሷ በጆሮው ትነግረዋለች፦ «በግራ እጅህ ፍሪሲዮኑን ያዝ... ማርሽ አስገባ... ቀስ ብለህ ልቀቅ... ነዳጅ ስጣት፣ አትፍራ።» ሁለት ጊዜ ጠፋችበት፤ በሦስተኛው ሄደች። ትንሽ እንደሄዱ ጸዳለ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ ብላው ራሷን ሳተች። ያፌት ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ፣ ሦስተኛ እንዴት እንደሚገባ ሳያውቅ፣ እየጮኸ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነዳ።

ጸዳለ ተረፈች። እግሯ ግን ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ።

ያፌት ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዘው። «ቀበቶው ነው እግሯን የገደለው?»

ሐኪሙ አልሸሸገውም። «ባታስራት ኖሮ ደሟ አልቆ ነበር የምትደርሰው። ያሰርከው ግን በጣም ጠብቆ ብዙ ቆይቷል። እግሯን ሲሚንቶው ይውሰደው ቀበቶው፣ እኔ ልነግርህ አልችልም።»

ሁለት ወር አለፈ። ሞተሯ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጸዳለ አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮት ታያታለች። አንድ ቀን እናቷን «ቆማ ከምትበሰብስ ለሚገባው ልስጣት» አለቻቸው። ወሬው ወጣ፤ በሳምንቱ ሦስቱም መጡ። ጸዳለ ሁሉም በሌሎቹ ፊት እንዲናገር አዘዘች።

መርዕድ ቆሞ ተናገረ። «ለእኔ ትገባለች። ከውሃው ያወጣሽ ያፌት አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

«ስልክ ዘግተህብኛል፣ ጋሼ።»

«የዘጋሁት በሱ ላይ ነው።»

«ይፈስ የነበረው ደም ግን የኔ ነው።»

«ዘግቻለሁ። አልክድም። ግን አሸዋው ላይ ባላስለቅስሽ ኖሮ የሚደወልልኝ ለቀብርሽ ነበር። ልጄ አሥራ ስድስት ሞላት። አንቺን ባስተማርኩበት ወንዝ፣ አንቺን ባስተማርኩበት መንገድ፣ በዚህችው ሞተር አስተምራታለሁ።»

ወይዘሮ ገዳምነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ያፌት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ለእኔ ስጪኝና ሐይቁ ውስጥ ልክተታት።»

«ስጦታህንም አብረህ?»

«ወንበሩ ከፍ እንዳለብሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ስለነበር።»

ያፌት እንደተመታ ሰው ጎበጠ። ቆይቶ ግን ቀና አለ። «በሕይወቴ ሞተር የነዳሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የነዳሁትም አንቺን ይዤ ነው። አሁን ክፍል ውስጥ ሆኜ የሞተር ድምፅ ስሰማ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። እሷ እዚያ ቆማ እያየኋት ላገባሽ አልችልም። ምረጪ።»

ጋሽ ኦርካይዶ ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ብረቱ ቀለም ላይ አልነበረም። በፈታሁት ማግስት ሌላ ደንበኛ ወደደው፣ ለሱ ገጠምኩለት። በቦታው ቢኖር ኖሮ በእግርሽና በሲሚንቶው መካከል አንድ ስንዝር ይተርፍ ነበር።»

መርዕድ ተስፈንጥሮ አንገታቸውን ያዘ። ሽማግሌው አልተከላከሉም።

«ልቀቃቸው!» አለች ጸዳለ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «ይህን እርስዎ ባይናገሩት ማንም አያውቅም ነበር።»

«ማንም አያውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ልናገር እየመጣሁ ከበሩ ተመልሻለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሞተሯን ስጪኝ። ሦስተኛ ጎማ እገጥምላታለሁ፤ በግራ እግር የሚቀየረውን ማርሽ በእጅ አደርገዋለሁ። ትነጃታለሽ።»

«ሦስተኛ ጎማ ገጥመው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ልትገለበጥም ትችላለች።»

«ቀለሙ አልደረቀም ያሉኝ በዚሁ አፍዎ ነው፣ ጋሽ ኦርካይዶ።»

«በዚሁ ነው» አሉ።

ጸዳለ እናቷን ቁልፉን አስመጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እነሱ ግን ያዩ የነበረው ቁልፉን ነው። ከዚያ ለአንዳቸው ሰጠች። ሁለቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጇን ረግጠው አያውቁም።

ለማን እንደሰጠች እኔ አውቃለሁ። ግን አስቀድሜ ብነግራችሁ ለፍርዷ ታደላላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እናንተ ፍረዱ። አንዱ እያሠቃየ ነፍሷን ያተረፈ፣ ልትሞት ስትል ግን ስልኩን የዘጋ ነው። አንዱ እየወደደ የጣላት፣ ወድቃ ሳለች ያልተዋት፣ አሁን ደግሞ ከእኔና ከሞተሯ ምረጪ የሚል ነው። አንዱ የዋሻት፣ ማንም ሳያስገድደው እውነቱን የነገራት፣ ዳግመኛ እመኚኝ የሚላት ነው። እናንተ ያ አልጋ ላይ ብትሆኑ፣ እግራችሁም ባይኖር፣ ቁልፉን ለማን ትሰጡ ነበር?