ከርከሮ ከላይ ልሁን ያለ ዕለት

ድሮ ድሮ፣ አራዊት እንደ ሰው ሲሟገቱ፣ አንድ አገር ነበረ። የት ነው የሚለኝ ካለ ተነሥቶ ይፈልገው። የዚያ አገር ሕግ አንድ ነበር፤ ታላቅ ከላይ፣ ታናሽ ከታች።

አንድ ቀን ንስር የእመት ኤሊን ልጅ አንሥቶ ከሙልጭልጭ ዓለት አናት አስቀመጠውና ሚስቱን ሊጠራ ሄደ። ሲመለስ ወርውሮ ሊፈጠፍጠው ነው፤ ንስር ኤሊን የሚበላው እንዲያ ነው።

«አያ ከርከሮ፣ ድረስልኝ» አለች እናቲቱ ለአገሩ ሹም።

«ተደራርበን እናወርደዋለን» አለ ከርከሮ። «በሕጉ ነው ታዲያ። ጥንቸል ከታች፣ ቀበሮ ከመሐል፣ እኔ ከላይ።»

ወጡ፣ ወጡ፣ ወጡ፤ ተንገዳገዱ፣ ተንገዳገዱ፤ ዷ ብለው አፈር ላይ።

ከርከሮ ግራ ገባው። «ሕጉን አላጎደልን። ምን ሆነን ነው?»

«ነፋስ ይሆናል» አለ ቀበሮ። ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም ነበር።

«ጥንቸል ስቃ ነው» አለ ከርከሮ።

«ጌታዬ፣ እንኳን ልስቅ መተንፈሻም አላገኘሁ» አለች ጥንቸል ከሥሩ።

ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ሞከሩ። ወጡ፣ ወጡ፣ ወጡ፤ ተንገዳገዱ፣ ተንገዳገዱ፤ ዷ ብለው አፈር ላይ።

እሜቴ ጃርት፣ እሾኋን ፈርቶ የሚረግጣት ስለሌለ፣ ዳር ተቀምጣ ታይ ነበር። «ና እስቲ፣ ጠጠር እንጫወት» አለችው ከርከሮን።

«ልጅ ሊሞት ጨዋታ?»

«እስካሁን ስትወድቅ የዋልከው ሥራ መስሎህ ነው?»

ሦስት ድንጋይ ሰጠችው፤ አንዱ ጡጫ የሚያህል፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ባቄላ። እንደ ሕጉ ባቄላውን ከታች፣ ጡጫውን ከላይ አደረገ። ተናደ። ደገመ። ተናደ።

«ድንጋይ ክብር አያውቅም እንዴ?»

«አያውቅም። ክብደት ግን ያውቃል።»

ከርከሮ እያጉረመረመ ጡጫውን ከታች አደረገው። በጠባብ ጎኑ ቢያቆመው ተንከባለለ፤ በሰፊው ቢያስተኛው ጸና። ሎሚውን ጫነበት፣ ባቄላውን ጫነበት። በአፍንጫው ነካ ነካ አደረገው፤ አልወደቀም። ይብሱን ግራ ገባው።

«ታላቁ ከታች ሆኖ ታላቅነቱ አልቀነሰም?»

«አንሥተህ መዝነዋ።»

ይኼኔ የንስሩ ጥላ ከሜዳው ማዶ ታየ። ከርከሮ ሌላ አልጠየቀም፤ ከዓለቱ ሥር ሄዶ እግሩን አንፈራጥጦ ቆመ። «ውጡብኝ» አለ።

ቀበሮ ወጣ፣ ጥንቸል ወጣች። ተንገዳገዱ፣ ተንገዳገዱ፤ ጸኑ። ጥንቸል ትንሹን ኤሊ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው፤ በቀበሮ ጀርባ፣ በከርከሮ ጀርባ ተንሸራትቶ እናቱ ፊት ዱብ አለ። ንስር ቢደርስ ባዶ ዓለት።

«ደረሳችሁ?» አለ ከርከሮ ከታች፤ እሱ ምንም አላየም።

«ወርዶልሃል ጌታዬ» አለች ጥንቸል ከላይ።

«እንግዲያ አሁን ታላቁ ማነው?»

እመት ኤሊ ቀርባ እግሩን ሳመችው። እስከዚያ ቀን ፈርቶት እንጂ ወዶት የሳመው አልነበረም።

ከባድ ከታች ሲሆን መሠረት፤ ከላይ ሲሆን መዓት።